የአማች ሳል

አባቴ በሕይወቱ አንድ ጊዜ ነው የመታኝ። እኔ ግን ያንን አንድ ጥፊ እንደሚደለብ በሬ አበላሁት፣ አጠጣሁት፣ ጥላ ፈልጌ አሰርኩት። ዛሬ ከእኔ ይወፍራል። ጎማ ሊያስለጥፍ ደጄ የቆመ ሹፌር ሁሉ ታሪኩን ሰምቷል፤ ጎማው ተፈቶ መሬት ላይ ስለሚሆን ሳይሰማ የሚሄድበት መንገድ የለውም። አንዳንዱ ራሱን እየነቀነቀ ያዝንልኛል። አንዳንዱ ስልኩን ይነካካል። አንድ የአቦምሳ ሹፌር ግን እስከ መጨረሻው አዳምጦ ሲያበቃ፣ አባትህስ ምን ይላሉ ብሎ ጠየቀኝ። ከዚያ ወዲህ እሱ ሲመጣ ተራ እንዲጠብቅ አደርገዋለሁ፤ ሌላ ሰው ባይኖርም።

ያኔ ሁለተኛ ክፍል ነበርኩ። ሁለተኛ ክፍል ለሌላው ሰው ትንሽ ነገር ሊሆን ይችላል፤ እኔ ስምንተኛ ላይ ስለቆምኩ ግን የትምህርቴ ሩብ ማለት ነው። የማውቀው ሁሉ ትክክል የሚመስለኝ ጊዜ ነበር። ይህ አመል እስካሁንም አልለቀቀኝም ይላሉ፤ የሚሉት የተማሩ ዘመዶቼ ናቸው።

አኮ ፋጡ፣ የእናቴ እናት፣ ከሆስፒታል ወጥታ ወደ አሰላው ቤታችን የመጣችው ክረምቱ ሲገባ ነው። አኮ በኦሮምኛ አያት ማለት ነው፤ ከዚያ ሌላ ስሟን የጠራ ልጅ የለም። አገሯ ጢቾ ላይ ላሟን ልታስር ስትወጣ ጭቃው አንሸራቶ ጣላትና ዳሌዋ ተሰበረ። በአይሱዙ ተጭና አሰላ መጣች፣ ሆስፒታል ከረመች። ሐኪሞቹ አጥንቱ ገጥሟል አሉ። የቀረው መራመድ ብቻ ነው፤ ካልተራመደች እግሯ ይደርቃል፣ ከደረቀ አልጋ ላይ ትቀራለች ብለው አሰናበቷት። አልጋዋ በፊተኛው ክፍል መስኮቱ ሥር ተዘረጋ።

አኮ የምትፈልገው አንድ ነገር ነበር፤ ጢቾ መመለስ። ላሟን ለጎረቤት አደራ ሰጥታለች፤ ቤቷን ቆልፋለች። «በአማች ቤት አልሞትም» ትላለች፤ ለእናቴም ለእኔም፣ ሰው ሲጠፋ ለመስኮቱም። ግን እግሯን መሬት ባስነኳት ቁጥር ፊቷ አመድ ይመስላል፤ እንደገና የምትወድቅ ይመስላታል። ስለዚህ መሄድ እየፈለገች ተኝታ ትውላለች። እኔ አጠገቧ ተቀምጬ የሚያስተኛትን ምክንያት አጠና ነበር፤ ምክንያቱንም ቶሎ አገኘሁት። አባቴ ነው።

ማስረጃ ሞልቶኝ ነበር። አባቴ፣ ከዲሮ ይባላል፣ ገበያው ጀርባ መጋዘን ይዞ ገብስና ስንዴ ይሸጣል፤ ማታ ሲመጣ በዋናው በር አይገባም። በጎረቤታችን በእማማ ወለተ ማርያም ግቢ ሾልኮ፣ በጓሮ በኩል ዞሮ፣ በመኝታ ቤቱ ትንሽ በር ይገባል። አኮ ያለችበትን ክፍል አይረግጥም። እንዴት አደሩ ሲላት ሰምቼ አላውቅም፤ ስሟንም ሲጠራ። ድምፁ ከግቢው ሲሰማ እሷ ሻሿን ፊቷ ላይ ጎትታ ወደ ግድግዳው ትዞራለች። ምግብ አብረው አይቀርቡም። አንድ ቀን ሳላስበው የአኮን በርጩማ ሳቀርብለት እንደ እባብ አይቶት ቆመ፣ ቆሞም በላ። እንዲህ የሚጠላሉ ሰዎች በአንድ ጣራ ሥር እንዴት ያድራሉ ብዬ ለራሴ አዝን ነበር።

አርሲ ያደገ አንባቢ እዚህ ላይ ስቆብኛል። ላላደገው ልንገረው። አማትና አማች በእኛ ዘንድ አንዳቸው ለሌላው ወዩ ናቸው፤ ክቡር፣ የማይነኩ። አይነካኩም፣ ስም አይጠራሩም፣ አንዱ የተቀመጠበት ላይ ሌላው አይቀመጥም፣ እሱ ሲገባ እሷ ተነስታ ዞር ትላለች። አባቴ በጓሮ የሚሾልከው እሷን ላለማስነሳት ነበር። ጥላቻ ያልኩት ሁሉ አክብሮት ነበር ማለት ነው። ይህን ለእኔ የነገረኝ ሰው ግን የለም። ለሚያውቁት ሰዎች እንደ መተንፈስ ነው፤ መተንፈስን ደግሞ ማን ቁጭ ብሎ ለልጅ ያስረዳል? አማት ቤታችን ገብታ አድራ ስለማታውቅ አይቼም አልተማርኩም። ይኸው፣ ጥፋቱ ከወዲሁ የእኔ እንዳልሆነ ተመዝግቦ ይያዝልኝ።

ሲስተር ለሊሴ የመጣችው በዚህ መሀል ነው። ጤና ጣቢያው ሽማግሌዎችንና ባልቴቶችን ቤታቸው ድረስ ሄዳ እንድታይ መድቧት ነበር። ወጣት ናት፤ የነጭ ካፖርቷን እጅጌ እስከ ክርኗ ትሰበስባለች፣ ማስቲካ ታኝካለች፣ ስትስቅ የጎረቤት ዶሮ ይደነግጣል። ደም ግፊት ለካችና ጨው ይቀነስ አለች። ስኳር የበዛበት ሻይ ይቅር አለች። በየቀኑ ይነሱ፣ ይራመዱ አለች። አኮ በትህትና ሰምታ ዓይኗን ጨፈነች።

ለሊሴ ብዙ ሞከረች፤ አብዛኛው አልሠራም። የመደገፊያ በትር አመጣች፤ አኮ ለዶሮ ማባረሪያ አድርጊው ብላ ለእናቴ ሰጠቻት። ለሊሴ ሰሌን ላይ ተንጋልላ እግር እንዴት እንደሚነሳ አሳየች፤ እኔና አኮ አይተን በጣም ተደሰትን፣ ድገሚው አልናት። በመጨረሻ ተቆጣችና፣ እንዲህ ከተኙ ጢቾን በሕልም ነው የሚያዩት አለቻት። አኮ እጇን ይዛ፣ «የኔ ልጅ፣ ያንቺ እግር ገና አዲስ ነው፤ የኔ ተሰብሮ አይቶታል» አለቻት። ኦሮምኛው ከዚህ ያምራል፤ እኔ ወደ አማርኛ ስገለብጠው ይኮሰምናል።

ጨው ላይ የገባሁት እኔ ነኝ። ለአኮ ወጥ ለብቻ ይሠራላት ጀመር፤ አልጫ፣ እንደ ውኃ። ስትጎርስ ፊቷን አይቼ ልቤ ተሰበረ። ከማድ ቤት ጨው በኪሴ እየሰረቅሁ አመጣላት ጀመር። ብርድ ልብሷ ሥር እጄን ስሰድ እሷ ጣቴን ጨብጣ ትስመኛለች። ራሴን የአሰላ ትልቁ ኮንትሮባንዲስት አድርጌ ነበር የማየው። እናቴ ኋላ ፍራሹን ልታሰጣ ስታነሳ ጨዉ እዚያው ተከምሮ፣ እርጥበት ይዞት እንደ ድንጋይ ደርቆ አገኘችው። አኮ አንድ ቁንጣሪ እፊቴ ትቀምስና ሌላውን ፍራሹ ሥር ትደብቀው ነበር፤ ልጁ ይከፋዋል ብላ። ይህን ያወቅሁት ጢም ካበቀልኩ በኋላ ነው።

አንድ ከሰዓት በኋላ በረዶ ወረደ። ያን ዓይነት፣ ቆርቆሮው ላይ ሰው ድንጋይ የሚገለብጥ የሚመስለው። ለሊሴ የአኮን ክንድ ጠምጥማ ግፊት እየለካች ነበር። አባቴ ራሱን በባዶ ማዳበሪያ ሸፍኖ፣ የእማማ ወለተ ማርያም ግቢ ጎርፍ ስለሞላው፣ በዋናው በር ዘሎ ገባ።

አኮ ተነሳች። ማንም አልያዛትም። ሻሿን በአንድ እጇ ፊቷ ላይ ጎትታ፣ በሌላው ግድግዳውን እየዳሰሰች፣ በጓሮው በር ወጣች። የግፊት መለኪያው ክንዷ ላይ እንደተጠመጠመ፣ ጎማው እንደ ጭራ እየተጎተተ፣ ለሊሴ ዕቃውን ታቅፋ ከኋላ ከኋላዋ እየሮጠች። አባቴ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ቆሟል፣ ከማዳበሪያው ውኃ ይንጠባጠባል። እኔ ያየሁት ይህን ነው፤ የታመመች አሮጊት ከዚህ ሰውዬ፣ ከጅብ እንደሚሸሽ ሰው፣ ስትሸሽ።

በረዶው ሲያባራ ለሊሴና አባቴ ክፈፉ ሥር ቆመው አወሩ። እኔ መስኮቱ ሥር ተቀምጬ ነበር።

«ከዛሬ ጀምሮ በዋናው በር ነው የሚገቡት፣ ጋሽ ከዲሮ» አለችው። «ጠዋት፣ ምሳ ሰዓት፣ ከአስር ሶላት በኋላ።»

አባቴ ነውር ነው አለ። ሰው ምን ይለኛል አለ። ብትወድቅስ አለ። ለሊሴ ማስቲካ ማኘኳን አቆመች።

«ያቃስታሉ፣ ይሰማዎታል። እንዳያዝኑ። ካዘኑላቸው አልጋው ላይ ይቀራሉ።»

አባቴ ማዳበሪያውን አራግፎ አጠፈ። «እሳቸው እንዳያውቁ» አለ በመጨረሻ። «ልጁም እንዳይሰማ፤ አፉ አያርፍም።»

ከዚህ ሁሉ ልጁ የያዘው ሁለት ነገር ነው። አንደኛ፣ እንዳያዝኑ የሚለውን። ሁለተኛ፣ አፉ አያርፍም የሚለውን። ሁለተኛው እስከ ዛሬ ያመኛል። አልጋው ላይ ይቀራሉ የተባለው ግን በአንድ ጆሮዬ ገብቶ በሌላው ወጣ፤ ለእኔ ክስ አይጠቅምማ።

በማግስቱ ሳሉ ተጀመረ። ከጎረቤት ደጃፍ ይነሳል፤ እህ፣ እህ፣ እህህ። በርሜሉ ጋ ይደገማል። ደፉ ላይ ጉሮሮው ይጠረጋል፣ ከዚያ ጫማው ይሰማል። አኮ አልጋዋ ላይ እንደተጠራ ወታደር ትነሳለች፣ ታቃስታለች፣ ግድግዳውን ይዛ ወደ ማድ ቤት ትሄዳለች። አባቴ ገብቶ ምንም አይሠራም። አንድ ብርጭቆ ውኃ ይጠጣል። ወንበሩን ያያል። ተመልሶ ይሄዳል። ይህች ናት እንግዲህ ሴትዮዋን ከአልጋዋ ያስነሳች ጉዳይ፣ አንድ ብርጭቆ ውኃ። መጋዘኑ ላይ ውኃ የለም? እላለሁ ለራሴ።

እናቴ ዙቤዳ ድሮ አኮን ለመደገፍ የምትሮጥ ሴት፣ ሳሉ ሲሰማ እጇን ሊጥ ውስጥ መክተት ጀመረች። በእሷም ፈረድኩባት፤ ባሏን ፈርታ እናቷን ሸጠች አልኩ። እኔ ሮጬ ትከሻዬን ሳቀርብ ለሊሴ ቲሸርቴን ከኋላ ጎትታ አስቀረችኝ፤ ግድግዳው ይበቃቸዋል አለች። እሷንም ጻፍኳት፣ በልቤ።

ለሊሴ ዛሬ በሞተር ሳይክል ነው የምትዞረው፤ ጎማዋን የምነፋላት እኔ ነኝ። ያኔ ያልገባኝን እሷ ናት ያስረዳችኝ። መጀመሪያ ሰሞን አባቴ ከእማማ ወለተ ማርያም ደጃፍ ጀምሮ ያስል ነበር፤ አኮ ቀስ ብላ እንድትነሳ ጊዜ እንዲኖራት። እየጠነከረች ስትሄድ ሳሉን ወደ ቤቱ እያስጠጋ፣ እያሳጠረ መጣ። ደንበኛ ሚዛን ላይ አቁሞ መጋዘኑን ቆልፎ ይመጣ ነበር። ደንበኞቹ ተማረሩ፤ ከዲሮ ሆዱን ያመዋል ተብሎ በገበያው ተወራ። አላስተባበለም።

እማማ ወለተ ማርያም ደግሞ ቀልድ ይወዳሉ። አጥራቸው ላይ ተደግፈው ሁሉን ያያሉ። አንድ ቀን ጠሩኝና በዝግታ፣ «አንተ ልጅ፣ አባትህ ሴትዮዋን በሳል ጢቾ ድረስ ሊነዳት ነው እኮ» አሉኝ። እሳቸው ስቀው ልብሳቸውን ማስጣት ቀጠሉ። እኔ ሌሊቱን አልተኛሁም ልል ነበር፤ ተኝቻለሁ፣ ልጅ ነኝ። ጠዋት ግን ቆርጬ ተነሳሁ።

እናቴ ገበያ ስትወጣ ከሳጥኑ የእንግዳ አንሶላ አወጣሁ፤ ትልልቅ ቀይ አበባ ያለበት። ከአጥር ሽቦ ቆረጥኩ። ከመስኮቱ ምስማር እስከ በሩ ምስማር ወጠርኩትና የአንሶላውን ጠርዝ በስቼ በአኮ አልጋ ፊት ዘረጋሁት። ከሰው የተማርኩት አይደለም፣ ራሴ ነኝ ያሰብኩት። በሕይወቴ ከሠራሁት ሁሉ በደንብ የተሠራው እሱ ይመስለኛል።

«ከዛሬ ጀምሮ አትነሺም፣ አኮ» አልኳት። «ቢመጣም አያይሽም።»

አኮ አበባዎቹን ከውስጥ አየቻቸው። ራሴን ዳበሰች። ጎበዝ አለችኝ። ከዚያ ትራሷን አስተካክላ ተኛች።

አባቴ አሳለ። ገባ። አንሶላውን አይቶ ቆመ። እንደገና አሳለ። ከአንሶላው በስተኋላ ምንም አልተንቀሳቀሰም። ውኃውን ጠጥቶ ወጣ። እኔ በሩ ላይ ደረቴን ነፍቼ አሳለፍኩት።

አሁን ሳስበው ያስቀኛል፤ የምስቀው ግን ብቻዬን ስሆን ነው። በአማትና በአማች መሀል መጋረጃ መዘርጋት ከአክብሮት በላይ አክብሮት ነው። ያንን መጋረጃ ማንም ማውረድ አይችልም። እናቴ ብታወርደው ለምን ትባላለች። አባቴ ቢነካው አማቱን ሊገልጥ ፈለገ ይባላል። ምክንያቱን ቢናገሩ ደግሞ አኮ ሆን ተብሎ ስትባረር እንደከረመች ታውቃለች፣ ኀፍረቱ ይገድላታል ብለው ፈሩ። ትላልቆቹን ሰዎች በሙሉ በጨዋነት ጠፍሬ አስሬያቸው ነበር። ለሊሴ ደግሞ ለሥልጠና አዳማ ሄዳለች። ስለዚህ አባቴ እየመጣ ያስላል፣ አኮ ትተኛለች፣ እናቴ ምሳ ታቃጥላለች፣ እኔ እየኮራሁ ትምህርት ቤት እሄዳለሁ።

ለሊሴ ስትመለስ አንሶላውን ገልጣ የአኮን ጉልበት ልታጥፍ ሞከረች። አኮ ጮኸች። እግሯ እንደ ደረቀ ቆዳ አልታዘዝ ብሎ ነበር። ያ ሁሉ ድካም ከንቱ ቀርቷል።

ለሊሴ ማን ነው ይህን የሰቀለው ብላ ጠየቀች። እኔ አልኩ፣ ምስጋና እየጠበቅሁ። አየችኝ። ወደ ገበያው፣ አባቴ ጋ ወጣች።

አባቴ የመጣው ሳያስል ነው። ሳሉ ከተጀመረ ወዲህ ሆኖ አያውቅም። ገብቶ ሽቦውን ከነምስማሩ ነቀለውና አንሶላው በሙሉ መሬት ወረደ፤ አኮ ሻሿ ወልቆ፣ ሽበቷ ተበትኖ ታየች። ፊቱን ወዲያው ወደ ግድግዳ አዞረ። እኔ እጁ ላይ ተንጠልጥዬ ነከስኩት። ያኔ ነው የመታኝ። «የእንግዳ አንሶላ በአጥር ሽቦ ይበሳል?» ብሎ ጮኸ፣ ለግድግዳው። አባቴ ስለ አንሶላ ግድ ኖሮት አያውቅም። አንሶላው የተበሳበት ሰው መስሎ ካልተቆጣ፣ መጋረጃውን ያወረደበት ምክንያት አይገኝለትም ነበር። ጥፊዋ ለማስመሰያ የወጣች ናት። በጥፋቴ ብመታ እኮ ይሻለኝ ነበር፤ እኔ የተመታሁት ለወሬው ማሳመሪያ ነው።

አንድ ጊዜ፣ ትልቅ ሰው ሆኜ፣ ለምን መታኸኝ ብዬ ጠይቄዋለሁ። ጋቢውን አስተካክሎ አሰበ። «መታሁህ እንዴ?» አለኝ። አንሶላውን ግን አስታወሰው፤ ቀይ አበባ ነበረው አለ። እኔ ያደለብኩትን በሬ እሱ በረት ውስጥ መኖሩንም አያውቅም።

ጥፊው እንዳረፈ አልጋው ሲንቀጠቀጥ ሰማሁ። አኮ ወርዳለች። ሻሿን ፊቷ ላይ አድርጋ መጣችና እጄን ያዘችኝ። ግድግዳውን አልነካችም፤ አንድ እጇ ሻሿ ላይ ነው፣ አንዱ እኔ ላይ። እኔ እያለቀስኩ ስለነበር ተደገፍኩባት። እያቃሰተች፣ እግሯን እየጎተተች፣ እኔን እየጎተተች፣ በጓሮው በር አወጣችኝ። ማድ ቤቱ በር ላይ ለሊሴ፣ ከገበያው ተመልሳ፣ አፏን በሁለት እጇ ይዛ ቆማለች። ትስቅብኛለች አልኩ። ለሊሴ ዛሬ ጎማ ስታስነፋ፣ የዚያን ቀን ዕንባዬ ነው የመጣው ትለኛለች፤ ግድግዳ ሳትይዝ ስትራመድ ያየኋት ያኔ ነው ትላለች። ስለ ጉንጬ ግን የጠየቀኝ የለም፣ ያኔም አሁንም።

ከዚያ በኋላ መጋረጃ የለም። ሳሉ ቀጠለ። አኮ ማድ ቤት መድረስ ቀላል ሆነላት፤ ከዚያ እስከ አጥሩ፣ ከዚያ እስከ መስጊዱ ማዕዘን። ለሊሴ ስትመጣ አልጋዋ ላይ አታገኛትም፤ ግፊቷን ለመለካት መንገድ ለመንገድ ትፈልጋታለች። አልጫው ወጥ ለመዳት፣ እናቴም ለሁላችንም እንደሱ መሥራት ጀመረች፤ አባቴ ጨው ጠፋ ወይ እስኪል ድረስ። እኔ ግን አኮ በእግሯ ስትወጣ ባየሁ ቁጥር እንደተባረረች ነበር የምቆጥረው። የምትድን ሴትዮ ፊቴ ቆማ አላየኋትም።

ገብሱ ከታጨደ በኋላ አኮ ነገ እሄዳለሁ አለች። አባቴ አሸነፈ አልኩ።

መናኸሪያው ጭቃና ናፍጣ ይሸታል። እናቴ ልታደርሳት ስለሆነ ቀድማ አውቶቡሱ ላይ ወጥታ ወንበር ያዘች። አባቴ የአኮን ጓዝ ተሸክሞ ራቅ ብሎ፣ ጎኑን ሰጥቶ ቆሟል። እኔ አጠገቧ ነኝ። አኮ አንድ እግሯን መወጣጫው ላይ አደረገችና ቆመች። መወጣጫው ከፍ ይላል። ፊቷ እንደ ድሮው አመድ ሆነ። ረዳቱ እጁን ዘረጋላት፤ እንግዳ ወንድ ነው፣ አልያዘችውም። «እማማ፣ ቶሎ ይበሉ» አላት። ከውስጥ ሰው አጉረመረመ። እግሯ እዚያው መወጣጫው ላይ ቀረ። እናቴ ከወንበሩ ልትነሳ ስትል ሰው መተላለፊያውን ዘጋባት። አኮ እግሯን ወደ መሬት ልትመልሰው ነው፤ ከመለሰችው ደግሞ ወደ ቤታችን፣ ወደዚያ አልጋ ነው የምትመለሰው። እኔ በልቤ መልሺው፣ መልሺው እላለሁ።

ከኋላችን አባቴ አሳለ።

አጭር፣ ደረቅ። አንድ እርምጃም ጠጋ አለ። አኮ በሩን በሁለት እጇ ጨብጣ ወጣች። ሰውነቷ በሙሉ አንድ ጊዜ ወደ ላይ ሄደ። በመስኮቱ ሳያት ሻሿን አፏ ላይ ይዛለች፣ ትከሻዋ ይርገፈገፋል። አለቀሰች አልኩ። እስከ አውቶቡስ ድረስ ተከትሎ አባረራት አልኩ። አባቴን በዚያ ሰዓት ባየሁበት ዓይን ዛሬ ልጄ ቢያየኝ አልወድም።

እናቴ ይህን ታሪክ ለልጆቼ ስነግር ሰምታ ያረመችኝ ባለፈው አረፋ ነው። አባቴ ለሶላት ወጥቶ ነበር። አኮ አላለቀሰችም አለች። ሳቅ ነው። መንገድ ላይ ያለችውን ሳጉሬን እስኪያልፉ ድረስ ስቃለች፤ ሳቋን ስትጨርስም እንዲህ አለቻት፣

«የልጅሽ አባት ዛሬም ያን ሳሉን አልተወም። እኔ እኮ ከመጀመሪያው ሳምንት አውቄዋለሁ። ለውኃ ብሎ ከገበያ የሚመጣ ማን አለ? ግን ያን ያህል መንገድ መጥቶ ባልነሳለት ምን ይሰማዋል ብዬ ነው።»

እናቴ ይህን የማታውቅ አንተ ብቻ ነህ ብላ ሳቀችብኝ። ቆይታ ግን አሰበችና፣ አባትህም አያውቅም አለች። እስከ ዛሬ አማቱን በዘዴ እንዳዳናት ነው የሚያስበው። አኮ ከዚያ በኋላ ብዙ ዓመት ጢቾ ገበያ በእግሯ ሄዳ፣ በራሷ ቤት፣ በራሷ አልጋ ነው የሞተችው። እኔም አልነገርኩትም። ይህን የማልነግረው ስለማዝንለት አይደለም። አልጠየቀኝም።

የዚያን ቀን አውቶቡሱ እንደሄደ አባቴ ጭቃው ላይ ብዙ ቆመ። ከዚያ ምሳ እንብላ አለኝ። አልበላም አልኩ፤ የረሃብ አድማ መሆኑ ነው። እሱ ለሁለታችንም አዘዘ፣ እኔ እጄን አጣጥፌ ተቀመጥኩ፣ የኔንም ጨምሮ ጠርጎ በላ። እንዲህ በልቶ አይቼው አላውቅም። ሆዴ ሲጮህ የሰማኝ ይመስለኛል፤ ዳቦ ቆርሶ በእኔ በኩል አስቀመጠ። አልነካሁትም። ይህም ይቆጨኛል፣ ትኩስ ነበር።

ወደ ቤት ስንመለስ አጠገቡ ላለመሄድ መንገዱን ተሻገርኩ። እሱም ተሻገረ። ተመልሼ ተሻገርኩ። እንደዚያ ስንል ገባውና ተወኝ፤ እሱ በአንዱ ዳር፣ እኔ በሌላው፣ ራቅ ብዬ፣ አንገቴን ደፍቼ፣ ፊቱን ላለማየት። አንድ ሱቅ በር ላይ የተቀመጡ ሽማግሌ እኛን ሲያዩ ቆዩ። ከዚያ በትራቸውን ወደ እኔ ጠቁመው አባቴን ጠሩት።

«ይህ ያንተ ነው? ማሻአላህ። ከአባቱ እኩል እንኳ አይራመድም፣ ዓይኑንም አያነሳም። እንዲህ ያለ አደብ ዛሬ የት አለ። አላህ እሱን የመሰሉትን ያብዛልህ።»

አባቴ መንገዱ ማዶ ያለሁትን እኔን አየ። እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ ጎንበስ አለና፣ «አሚን» አለ።